ትራካችሁ ዋራንቲ እያለው ዲለር ግቢ ለምን ይከርማል? እንዴትስ ይወጣል?

ዋራንቲ ያለው ትራክ ተበላሽቶ ዲለር ጋ ገብቶ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ሲከርም ባለቤቱ የሚሰማው መልስ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። "ተራ ላይ ነው"፣ "ፓርት እየጠበቅን ነው"፣ "ከካምፓኒው መልስ አልመጣም"። እዚህ አሜሪካ በራሱ ትራክ የሚሠራ አበሻ በጣም ብዙ ነው፣ ዳላስም ሂዱ አትላንታም ሲያትልም ኮሎምበስም፣ እና ሰው ሲገናኝ ከሎድ (ከጭነት) ዋጋ ቀጥሎ የሚያወራው ይሄንኑ ነው። ትራኩ ቢቆምም የባንኩ ክፍያ አይቆምም፣ ኢንሹራንሱ አይቆምም፣ የትሬለሩ ኪራይ አይቆምም፣ ቤት ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ፣ አገር ቤትም እጅ እጃችንን የሚያይ ሰው አለ። ካምፓኒ ሾፌር ከሆናችሁ ሌላ ትራክ ይሰጧችኋል፣ ኦነር ኦፐሬተር (በራሱ ትራክ የሚሠራ) ግን የቆመው እሱ ራሱ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። "እየተሠራ ነው" የሚባለውን መልስ አትቀበሉ። የዋራንቲ ሥራ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ትራኩ ሁልጊዜ ከነዛ ደረጃዎች አንዱ ላይ ነው የቆመው፣ እያንዳንዱን ደረጃ የሚይዘው ሰው ደግሞ የተለያየ ነው። የት ጋ እንደተያዘ ሳታውቁ ብትጮኹ የምትጮኹት ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ደንበኛ የሚቀበለው ምስኪን ሰርቪስ አድቫይዘር ነው።

ደረጃዎቹ እንዲህ ናቸው። መጀመሪያ ትራኩ ገብቶ ሪፔር ኦርደር (የጥገናው መዝገብ ወረቀት) ይከፈታል። ከዚያ ቤይ (ትራክ የሚሠራበት ቦታ) እስኪለቀቅ ተራ ይጠብቃል፣ ብዙ ቀን የሚበላው አንዱ ይሄ ነው። ከዚያ ቴክኒሽያኑ ኮምፒውተር ሰክቶ ዳያግኖስ ያደርጋል፣ ብልሽቱን ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚያ ያገኘውን ጽፎ ዋራንቲው ይሸፍነዋል አይሸፍነውም የሚለው ይወሰናል፣ ሥራው ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ ሳይነካ በፊት ከአምራቹ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ሲመጣ ፓርት ይታዘዛል፣ ፓርቱ ሲመጣ እንደገና ቤይ ይጠበቃል (ይሄን ሁለተኛ ተራ ማንም አይነግራችሁም)፣ ከዚያ ይሠራል፣ ከዚያ ሪጀን (የጭስ ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ ማቃጠል) ተደርጎ፣ ሮድ ቴስት ወጥቶ ይዘጋል።

አሁን ዲለሩ ለምን እንደማይቸኩል እንይ። ብዙ ሰው ዲለሩና አምራቹ አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። ዲለሩ የአምራቹን ስም በር ላይ ሰቅሎ የሚሠራ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። ዋራንቲውን የሰጣችሁ ግን አምራቹ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። ዲለሩ የዋራንቲ ሥራ ሲሠራ ገንዘቡን ከናንተ ሳይሆን ከአምራቹ ነው የሚቀበለው፣ አምራቹ ደግሞ ለያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ የተወሰነ ሰዓት አለው፣ ይሄን ይሄን ለመቀየር ይሄን ያህል ሰዓት ብሎ። ቴክኒሽያኑ የተበላሸ ኤሌክትሪክ ሽቦ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ቢውል የሚከፈለው ያቺው የተወሰነችው ሰዓት ልትሆን ትችላለች። ከጎኑ ደግሞ በካሽ የሚከፍል ደንበኛ ቆሟል፣ ወይም ሃምሳ ትራክ ያለው ፍሊት ቆሟል። ማን ቀድሞ እንደሚሠራ መገመት ከባድ አይደለም። ይሄ ልክ ነው እያልኩ አይደለም፣ አንድ ትራክ ያለው ሰው ላይ የሚደርስ በደል ነው፣ ግን ይሄን ካወቃችሁ ግፊቱን የት ጋ ማድረግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፣ ለዋራንቲው ሥራ ለዲለሩ የሚከፍለው አምራቹ ስለሆነ ማለት ነው።

ሌላው የማይታወቅ ነገር አንድ ትራክ ላይ ያለው ዋራንቲ አንድ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ ፒተርቢልት ወይም ኬንዎርዝ ገዝታችሁ ሞተሩ ከሚንስ ከሆነ የሞተሩ ዋራንቲ የከሚንስ ነው፣ የካቢኑና የቻሲው የፓካር ነው፣ ትራንስሚሽኑ ኢተን ከሆነ እሱም የራሱ አለው፣ ጎማና ባትሪም እንደዛው። ፍሬይትላይነር ከዲትሮይት ሞተር ጋር ከሆነ ሁለቱም የዳይምለር ስለሆኑ ነገሩ ይቀላል፣ ቮልቮ በራሱ ሞተር ከሆነም ያው። የተለያየ ሲሆን ግን "ይሄ የሞተሩ ችግር ነው፣ ሞተሩን የሚሠሩት ጋ ውሰደው" "አይ ይሄ የሽቦ ነው፣ የትራኩ ዲለር ጋ መልሰው" እየተባለ ባለቤቱ በቶው ትራክ ከተማ ለከተማ ይዞራል። ስለዚህ ገና ሳይበላሽ፣ ዛሬ፣ ቪን ነምበራችሁን (የትራኩን መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ዲለሩን የዋራንቲ ከቨሬጅ ዝርዝር በወረቀት አውጣልኝ በሉት። የጀመረበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የሚያልቅበት ማይል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው። ብዙ ጊዜ አዲስ ክላስ 8 (ትልቁ ከባድ) ትራክ ላይ መሠረታዊው 1 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ ሞተሩ ደግሞ 2 ዓመት ወይም 250,000 ማይል አካባቢ ነው፣ ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። ኤክስቴንድድ (ተጨማሪ ዋራንቲ) ገዝታችሁ ከሆነ ከዚህ ያልፋል። ቆጠራው የሚጀምረው ትራኩ መጀመሪያ ለተሸጠለት ሰው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። ሰከንድ ሃንድ ከገዛችሁ ደግሞ ቀሪው ዋራንቲ ወደ ስማችሁ መዛወር ይኑርበት አይኑርበት ጠይቁ፣ ዝውውሩ የጊዜ ገደብ ያለው አለ።

የኤሚሽኑ (የጭስ ማጽጃው) ዋራንቲ ለብቻው መታወቅ ያለበት ነው፣ ምክንያቱም የዘመኑ ትራክ በብዛት የሚቆመው በነዚህ ዕቃዎች ነው። ዲፒኤፍ (ጥቀርሻ የሚይዘው ማጣሪያ)፣ ዴፍ (ጭሱን ለማጽዳት የሚሞላው ፈሳሽ)፣ ኤስሲአር (በዴፍ ጭሱን የሚያጸዳው ክፍል)፣ ናክስ ሴንሰር (የጭሱን መርዝ የሚለካው)። ኤስፒኤን 4364 ኤፍኤምአይ 18 የሚል ኮድ ያየ ሾፌር ያውቀዋል፣ ኤስሲአሩ በሚገባ እያጸዳ አይደለም ማለት ነው፣ ካልተሠራ ትራኩ እየደከመ እየደከመ በመጨረሻ በሰዓት 5 ማይል ላይ ሊያስራችሁ ይችላል። ለነዚህ የኤሚሽን ዕቃዎች የፌደራል ሕጉ ራሱ ዝቅተኛውን ዋራንቲ ወስኗል፣ እስከ 2026 ሞዴል ላለ ከባድ የናፍጣ ሞተር 5 ዓመት ወይም 100,000 ማይል። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ ለክላስ 8 ሞተር ወደ 350,000 ማይል አሳድጋው ነበር። ስለዚህ ዲለሩ "መሠረታዊው ዋራንቲ አልቋል" ሲላችሁ "የኤሚሽኑስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን የኤሚሽን ሌብል ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከባለቤት መጽሐፉ ላይም የትኞቹ ዕቃዎች እንደተዘረዘሩ እዩ። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ለናክስ ሴንሰር ከኪሱ የከፈለ ሰው ዕቃው ሊሸፈንለት ይችል እንደነበር የሚያውቀው ስንት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

እሺ፣ ትራኩ ተበላሸ እንበል። ከመግባቱ በፊት የዳሽቦርዱን ኮድ፣ ማይሉን፣ የነዳጁንና የዴፉን መጠን ቪዲዮ አንሱ። ሞተሩ ድምፅ ካለው ድምፁን ቅረጹ። ዲለሩ ጋ ሲደርስ ጠፍቶ "ምንም አላገኘንም" የሚባለው ችግር ስንቱን አመላልሷል መሰላችሁ።

ከዚያ ሪፔር ኦርደሩ። ይሄን ወረቀት ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ኋላ ክርክር ቢመጣ የሚፈርድላችሁም የሚፈርድባችሁም እሱ ነው። ከላይ ስማችሁ፣ ቪኑ፣ ማይሉ፣ የገባበት ቀንና ሰዓት አለ። ሥር ሦስት ነገር ይጻፋል፣ ደንበኛው ያለው፣ የተገኘው ምክንያት፣ የተሠራው ሥራ። መጀመሪያ የሚጻፈው "ደንበኛው ያለው" የሚለው ነው፣ እሱን አድቫይዘሩ በሁለት ቃል "ቼክ ኢንጅን ላይት" ብሎ ያልፈዋል። አታሳልፉት። "ዳገት ላይ ጭኖ ሲሄድ ኃይል ያጣል፣ ኮዱ ይሄ ነው፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ ከዚህ በፊት በዚህ ሪፔር ኦርደር ቁጥር ለዚሁ ችግር ገብቶ ነበር" ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካለ እናንተው ጽፋችሁ በኢሜይል ላኩለት። በተለይ ያቺ "ከዚህ በፊት ለዚሁ ችግር" የምትለዋ አረፍተ ነገር ወርቅ ናት። ተደጋጋሚ ብልሽት መሆኑ ወረቀት ላይ ከሌለ ለሕግም ለአምራቹም እያንዳንዱ አመጣጣችሁ አዲስ ነው።

ከሥር ደግሞ የምትፈርሙበት ቦታ አለ። እሷን አንብቡ። ብዙ ጊዜ "ዋራንቲው ካልሸፈነው ዳያግኖሱን እኔ እከፍላለሁ" የሚል አለ፣ የሰዓቱም ዋጋ እዛው አለ። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም፣ ግን ጣሪያ አስቀምጡበት። "ከዚህ ዶላር በላይ ከሆነ ሳትደውሉልኝ እንዳትቀጥሉ" ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። ምክንያቱም ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ ዲለሩ ትራኩን ይዞ የማቆየት መብት በሕግ አለው፣ በየስቴቱ አሠራሩ ቢለያይም። ሂሳቡ ላይ ተጨቃጭቃችሁ ትራኩም ተይዞ መቅረት አለ።

ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ መጠየቅ ያለባችሁ "መቼ ነው የሚያልቀው?" ብላችሁ አይደለም። እሱን ሲጠይቁት "በዚህ ሳምንት" ይላል፣ ማንም ይላል። የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ቴክኒሽያን ተመድቦለታል ወይ? ዳያግኖሱ አልቋል ወይ፣ ምን ተገኘ? ክሌሙ (የዋራንቲ ክፍያ ጥያቄው) ወይም የፈቃድ ጥያቄው ለአምራቹ ተልኳል ወይ፣ በየትኛው ቀን፣ ቁጥሩ ስንት ነው? ፓርቱ ታዟል ወይ፣ የፓርት ነምበሩ ስንት ነው፣ ባክ ኦርደር (ፓርቱ አልቆ የሚጠበቅ) ከሆነ የሚመጣበት ቀን ምን ይላል? እነዚህን አራት ጥያቄ በቴክስት ወይም በኢሜይል ነው የምትልኩት፣ በስልክ ካወራችሁም ልክ ስልኩ እንደተዘጋ "አሁን በስልክ እንዳልከኝ ዳያግኖሱ ትናንት አልቋል፣ ፓርቱ ግን ገና አልታዘዘም፣ ከተሳሳትኩ አርመኝ" ብላችሁ ትልካላችሁ። እንግሊዝኛው ሰዋስው ባይስተካከል ግድ የለም፣ ቀኑና ቁጥሩ ይስተካከል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እኮ ለዚህ ነው። አድቫይዘር ይቀየራል፣ ሥራ ይለቃል፣ አዲሱ መጥቶ "እኔ አላውቅም" ሲል እናንተ እጅ ላይ ያለው ኢሜይል ያውቃል።

መልሱ ሲመጣ የት ጋ እንደተያዘ ታያላችሁ። ተራ ላይ ከሆነ የሚመለከተው ሰርቪስ ማናጀሩ ነው፣ አድቫይዘሩ ቤይ አይመድብም። በትህትና፣ "ትራኬ በዚህ ቀን ገብቷል፣ እስካሁን ማንም አልነካውም፣ የሚገባበትን ቀን ንገረኝ፣ ካልሆነ ሌላ የናንተው ብራንድ ዲለር ጋ ልውሰደው" በሉት። ዋራንቲ እኮ የአምራቹ ስለሆነ የገዛችሁበት ዲለር ጋ ብቻ የመሠራት ግዴታ የለበትም፣ ፈቃድ ያለው ማንኛውም ዲለር ይሠራዋል። ትራኩ የሚንቀሳቀስ ከሆነና ገና ካልተፈታ ሁለት ሰዓት ነድቶ ባዶ ቤይ ያለው ትንሽ ከተማ ዲለር ጋ መውሰድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፣ አስቀድማችሁ ግን ደውላችሁ ለዛ ችግር የሰለጠነ ቴክኒሽያን እንዳላቸውና ቀን እንደሚሰጧችሁ አረጋግጡ። ሞተሩ ተፈቶ ከሆነ ግን አታንቀሳቅሱት፣ ተፈቶ ካርቶን ውስጥ የተከተተ ሞተር ሌላ ዲለር አይቀበልም፣ ቢቀበልም ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ይለጥፋል።

የተያዘው ፈቃድ ላይ ከሆነ ወይም ፓርት ላይ ከሆነ ዲለሩን መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም፣ አምራቹ ጋ መደወል ነው። ሁሉም ትልልቅ አምራቾች 24 ሰዓት የሚሠራ የደንበኛ መስመር አላቸው፣ ቁጥሩ ባለቤት መጽሐፉ ላይ አለ። ደውላችሁ "ኬዝ ክፈቱልኝ" በሉ፣ የኬዝ ቁጥሩን ሳትይዙ ስልኩን አትዝጉ። ቪኑን፣ ሪፔር ኦርደር ቁጥሩን፣ የፓርት ነምበሩን ስጧቸው። ፓርቱ እውነት አገር ውስጥ የለም ወይስ ሌላ ዲለር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል የሚለውን እነሱ ማየት ይችላሉ። በ2021 እና በ2022 በቺፕ እጥረት ጊዜ የዴፍ ሴንሰር ጠፍቶ ስንት ትራክ ቆሞ ነበር፣ ያኔ እውነትም ፓርት አልነበረም። አሁን ግን "ባክ ኦርደር" ሲባል የፓርት ነምበሩን ተቀብላችሁ ራሳችሁ ለሦስት አራት ዲለር ፓርት ክፍል ደውሉ፣ ተገኝቶ የሚያውቅበት ብዙ ነው፣ ከተገኘ ዲለሩ ከዛኛው ገዝቶ ሊያስመጣው ይችላል። እናንተ በካሽ ገዝታችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ክሌሙ እንዳይበላሽ ጠይቁ፣ በጽሑፍ።

ኬዝ ስትከፍቱ አንድ ሌላ ነገርም ጠይቁ፣ ገንዘብ። የዋራንቲ ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፣ የቆመበትን ቀን፣ የጠፋውን ሎድ፣ ሆቴሉን፣ ብዙ ጊዜም ቶውን አንከፍልም ይላል። የትራክ ኢንሹራንሳችሁም የማሽን ብልሽትን አይከፍልም፣ ዳውንታይም የሚባለው (ለቆመበት ቀን የሚከፍለው) ከቨሬጅ ቢኖራችሁ እንኳ ባብዛኛው ለአደጋ ነው። ግን አምራቾች ግዴታ ሳይኖርባቸው ደንበኛ ላለማጣት የሚሰጡት ነገር አለ፣ ጉድዊል ይሉታል። አንዳንዴ የሬንታል ትራክ ወጪ፣ አንዳንዴ የወር ክፍያ፣ አንዳንዴ የዋራንቲ ማራዘሚያ። ያልጠየቀ አያገኝም። ስትጠይቁ "ተጎዳሁ" ብቻ አትበሉ፣ ባለፉት ወራት በሳምንት ያስገባችሁትን የሚያሳይ ሴትልመንት (የክፍያ ዝርዝር)፣ የትራኩን የወር ክፍያ፣ የኢንሹራንሱን ቢል፣ የሰረዛችሁትን ሎድ ሬት ኮን (የዋጋ ማረጋገጫ ወረቀት) አያይዛችሁ ላኩ። ቁጥር ያለው ጥያቄ ቁጥር ያለው መልስ ያመጣል።

ክሌሙ ውድቅ ቢሆንስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ፣ በየትኛው የዋራንቲ አንቀጽ ነው፣ ፎቶውንና የላብ ውጤቱን አሳዩኝ በሉ። የተለመዱት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፣ ዘይት በጊዜው አልተቀየረም፣ ዴፉ ተበክሏል፣ ናፍጣው ውሃ አለው፣ ወይም የኤሚሽኑ ዕቃ ተነካክቷል። የመጨረሻው ከሆነ ዲሊት የተደረገ (የጭስ ማጽጃው የተነቀለ ወይም የተዘጋ) ትራክ መከራከሪያ የለውም፣ ሕገወጥም ነው። ለቀሩት ግን ማስረጃ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ከነማይሉ፣ ዴፍ የገዛችሁበት ደረሰኝ። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ የቀረው የተጣራ ውሃ ነው፣ ይሄን መለካት በአንዲት ትንሽ መሣሪያ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ተበክሏል ካሉ ስንት እንዳነበበ ይንገሯችሁ። ትራክ ስቶፕ ቆማችሁ ደረሰኝ የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈቱለት።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ብዙ ሰው "ሌመን ሎው አለ አይደል እንዴ" ይላል፣ ደጋግሞ የሚበላሽ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀውን ሕግ ማለቱ ነው። አለ፣ ግን አብዛኛው ስቴት ላይ ለቤት መኪና የተጻፈ ነው፣ ከባድ ትራክን በክብደት ያስወጣዋል። ካሊፎርኒያን ብታዩ ለቢዝነስ የተገዛ መኪና የሚገባው ከ10,000 ፓውንድ በታች ሆኖ ባለቤቱም ከአምስት በላይ መኪና ካላስመዘገበ ነው። ክላስ 8 ትራክ ከ33,000 ፓውንድ በላይ ነው፣ ገና በሩ ላይ ይመለሳል። በ1975 የወጣው የፌደራሉ የዋራንቲ ሕግ፣ ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ ለግል ለቤተሰብ ለቤት አገልግሎት የሚውል ዕቃን ነው የሚያየው። በፒክአፕ ሆትሾት (አነስ ያለ አስቸኳይ ጭነት) የምትሠሩ ሰዎች ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚያየው ዕቃው በተለምዶ ለምን እንደሚውል ስለሆነ ፒክአፓችሁ ሊገባ የሚችልበት መከራከሪያ አለ። ለትልቁ ትራክ ግን እነዚህ ሕጎች የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ናቸው።

ታዲያ ምን ይቀራል? የንግድ ሕጉ ይቀራል። ዩኒፎርም ኮመርሻል ኮድ የሚባለው የሽያጭ ክፍሉን ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ስቴት ተቀብሎታል፣ ቢዝነስም ይሁን ግለሰብ ይመለከተዋል። እዛ ውስጥ ሦስት ነገር ለኛ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ገዢው ጉድለቱን ካወቀ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፣ ካላሳወቀ መብቱን ሊያጣ ይችላል፣ ለዚህ ነው በጽሑፍ በጽሑፍ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ። ሁለተኛ፣ ዋራንቲው "መፍትሔው መጠገን ወይም መቀየር ብቻ ነው" ቢልም ያ መፍትሔ ዓላማውን ካልፈጸመ፣ ማለትም ደጋግመው ሞክረው ካልጠገኑት ወይም ከልክ በላይ ካዘገዩት፣ ፍርድ ቤት ከዛ ገደብ ውጪ ሌላ መፍትሔ ሊፈቅድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ባብዛኛው 4 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ባመዛኙ ትራኩን ከተረከባችሁበት ቀን ነው፣ ውሉ ደግሞ እስከ 1 ዓመት ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ ስትገዙ የፈረማችሁትን ውል አውጡና እዩ፣ አርቢትሬሽን (ከፍርድ ቤት ውጪ የሚደረግ ዳኝነት) የሚል አንቀጽ ካለ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደዛ ነው የምትሄዱት።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያለአግባብ የተጠየቃችሁት የዳያግኖስ ሂሳብ ወይም ቶው ከሆነ፣ ያለጠበቃ የሚኬድበት ትንሹ ፍርድ ቤት አለ። ቴክሳስ እስከ 20,000 ዶላር፣ ጆርጂያ እስከ 15,000 ዶላር ያያል። ከዛ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ለተመሳሳይ ችግር ደጋግሞ ገብቶ ከሆነ፣ የኮመርሻል ትራክ ዋራንቲ የሚሠራ ጠበቃ ፈልጉ። የመኪና አደጋ ጠበቃ አይደለም፣ ይሄ ሌላ ሥራ ነው። ከሱ በፊት ግን አንድ ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ሜይል ለአምራቹም ለዲለሩም ላኩ። ረጅም መሆን የለበትም፣ ትራኩ ይሄ ነው፣ በእነዚህ ቀኖች ገብቷል፣ ይሄን ያህል ቀን ቆሟል፣ እስከዚህ ቀን ተሠርቶ እንዲሰጠኝ፣ ካልሆነ ደግሞ ይሄን እጠይቃለሁ። ያ ደብዳቤ ፋይሉን ከአድቫይዘሩ ጠረጴዛ አንስቶ ከበድ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሪኮልን (አምራቹ ጉድለት ያለበትን ሞዴል ለጥገና የሚጠራበትን) ከዋራንቲ አታምታቱ። ብልሽቱ የደህንነት ሪኮል ውስጥ ያለ ከሆነ ማይላችሁ ስንትም ይሁን፣ ሰከንድ ሃንድም ይሁን፣ በነፃ ነው የሚሠራው፣ ሪኮሉ ሲወጣ ትራኩ መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካላለፈው ድረስ። እዚህ ላይ ሕጉ ጥርስ አለው፣ ትራኩን ለሪኮሉ ካቀረባችሁ በ60 ቀን ውስጥ በሚገባ ካልተጠገነ በተገቢ ጊዜ አልጠገኑም ለማለት ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ኒትሳ (NHTSA) የሚባለው የፌደራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሪኮል መኖሩን ማየትም አቤቱታ ማስገባትም ይቻላል፣ ነፃ ነው። ብሬክ፣ መሪ፣ እሳት፣ በድንገት ኃይል ማጣት ከሆነ ሪኮል ባይኖርም አቤቱታውን አስገቡ፣ ሪኮል የሚወጣው ሰው ስለሚናገር ነው።

ስለ ጸባይ አንድ ነገር። ስንናደድ ቢሮ ገብተን የምንጮህ አለን፣ እረዳዋለሁ፣ የልጆች እንጀራ ነው። ግን ቴክኒሽያኑም ሪፔር ኦርደሩን የሚጽፈው አድቫይዘሩም ሰው ናቸው፣ የሚያከብራቸውን ሰው ትራክ ቶሎ ያወጡታል። ስማቸውን ያዙ፣ ጠዋት ሲከፍቱ እንጂ ሊዘጉ ሲሉ አትደውሉ፣ ለሠሩት አመስግኑ፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንዲት ነገር አትልቀቁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን በስልክ አስገቡ፣ ወይም አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አምራቾቹ ጋ ስትደውሉ ማቅረብ የሚችሉ አሉ።

አልቋል ውሰደው ሲሏችሁ ደግሞ ቁልፉን ይዛችሁ በደስታ አትብረሩ። የተዘጋውን ሪፔር ኦርደር ሙሉ ቅጂ ተቀበሉ፣ ዜሮ ዶላር ቢሆንም። አንዳንድ ዲለር "የዋራንቲ ስለሆነ ኢንቮይስ የለውም" ይላል፣ አይሆንም፣ የተገኘው ምክንያትና የተቀየሩት ዕቃዎች የተጻፉበትን ስጡኝ በሉ። የገባበትና የወጣበት ቀን ትክክል መሆኑን እዩ፣ አንዳንዴ የገባበት ሳይሆን ሥራው የተጀመረበት ቀን ይጻፋል፣ ያኔ የቆመበት ሦስት ሳምንት ከወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ኮዶቹ መጥፋታቸውን፣ ፓርክድ ሪጀን (ትራኩ ቆሞ የሚደረገው ሪጀን) ተሠርቶ ማለፉን ጠይቁ። ካቢኑ ውስጥ የነበረ ዕቃችሁን ቁጠሩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሎድ ሩቅ አትያዙ፣ ከዲለሩ ብዙ የማያርቅ፣ ቢቻል ጭኖ ዳገት የሚወጣ አጭር ሎድ ያዙ። ያው ኮድ ከተመለሰ እዛው መንገድ ዳር ቁሙና ዳሽቦርዱን ከነማይሉ ቪዲዮ አንስታችሁ፣ የድሮውን ሪፔር ኦርደር ቁጥር ጠቅሳችሁ፣ ለሰርቪስ ማናጀሩና ለኬዝ ቁጥሩ በአንድ ኢሜይል ላኩ፣ ሲገባም አዲሱ ሪፔር ኦርደር ላይ "ተደጋጋሚ ጥገና" ተብሎ ካልተጻፈ አትፈርሙ።